ስክሪኑ ጠፍቶ ዘፈኑ ከቀጠለ ማዘርቦርዱ ምን በደለ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ። ሌላውም ሰው እንዲከታተል ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው። አራት ኪሎ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለሽ፣ ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ነው፣ ሞኒተሩ 19 ኢንች ሆኖ ያ ወርዱ የማይሰፋው የድሮ ፍላት፣ ሁለቱንም ያገለገለ ነው የገዛሽው። ከተከፈተ አስር ደቂቃ ምናምን ሲሆነው እየፃፍሽ እያለ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ የከፈትሽው ዘፈን ግን አይቋረጥም። የሞኒተሩን ማብሪያ አጥፍተሽ ስታበሪው ምስሉ ሁለት ሰከንድ ያህል ታይቶ ተመልሶ ይጠፋል፣ የማብሪያው መብራት ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። አንዳንዴ ደሞ ነጩ ገፅ ሁሉ ቢጫ ይሆንና ሞኒተሩን ነካ ስታደርጊው ይስተካከላል። ጠዋት ስትከፍቺው ቀኑና ሰአቱ ወደ ኋላ ሄዶ ታገኚዋለሽ። አንዱ ጠጋኝ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ሙሉውን ቀይሪው አለሽ፣ ሌላው ፎርማት ይደረግ አለ፣ ውስጡ ደሞ ያላለቀ የተማሪዎች ቴሲስ አለ።

አዲስ አትግዢ፣ ፎርማትም አታስደርጊ። ያንቺ ነገር አንድ ትልቅ ብልሽት አይደለም፣ ሶስት ትናንሽ ብልሽቶች ባንድ ሰሞን ተገጣጥመውብሽ ነው፣ ጠጋኙ ሶስቱን ጨፍልቆ ማዘርቦርድ አላቸውና አረፈው። እኛ ሰፈር መቼም ምክንያቱ ያልተገኘለት ነገር ሁሉ ማዘርቦርድ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ዋናው ማስረጃ አንቺው የፃፍሽው ላይ አለ፣ ዘፈኑ። ስክሪኑ ጠፍቶ ዘፈኑ ከቀጠለ ፕሮሰሰሩ እየሰራ ነው፣ ራሙ እየሰራ ነው፣ ሀርድ ዲስኩ እያነበበ ነው፣ ዊንዶውሱም በሰላም ነው ያለው። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ዘፈን አያጫውትም። ሁለተኛው ማስረጃ ያ አረንጓዴ መብራት ነው። ሞኒተር ከኮምፒውተሩ የሚመጣለት ምስል ሲቋረጥበት ኖ ሲግናል ብሎ ትንሽ ይቆይና መብራቱን ወደ ብርቱካናማ ቀይሮ ይተኛል፣ አንዳንዱ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። ያንቺው አረንጓዴ እንደሆነ ከቀጠለ ምስሉ እየደረሰው ነው፣ እሱም እያሳየሁ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚ ጨለማው የተፈጠረው ሞኒተሩ ውስጥ ነው እንጂ ሲፒዩው (ሳጥኑን ማለቴ ነው) ውስጥ አይደለም።

እዚ ላይ ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ዊንዶውስ 7 ካልነካችሁት በ10 ደቂቃ ስክሪን የሚያጠፋ ሴቲንግ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በዚ ብቻ ኮምፒውተር ተሸክሞ ጠጋኝ ጋ የሚሄድ ሰው አለ። እሱ ከሆነ ግን ማውሱን ስትነቀንቁት ይመለሳል፣ መብራቱም ብርቱካናማ ነው የሚሆነው። እህቴ አንቺ ጋ እየፃፍሽ ነው የሚጠፋው ስለዚ ይሄ አይደለም።

ሲጠፋብሽ ደሞ አትደንግጪ፣ ገመዱንም አትንቀዪው። መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ተጫኚ፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት በራ ጠፋ ካለች ኮምፒውተሩ እየሰማሽ ነው። ከዛ ኮንትሮልን ይዘሽ ኤስን ተጫኚ፣ ባይታይሽም ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ የፃፍሽው ሴቭ ይሆናል (ፋይሉ ከዚ በፊት ስም ተሰጥቶት ሴቭ የተደረገ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ካልሆነ ስም ስጪኝ ብሎ ይጠብቅሻል አንቺ ደሞ አታይውም)። ከዛ የሲፒዩውን ማብሪያ አንዴ ነካ አድርገሽ ልቀቂው፣ ይዘሽ እንዳትቆዪ፣ ይዘሽ ከቆየሽ በግድ ነው የሚጠፋው። ነካ ብቻ ካደረግሽው ዊንዶውስ ራሱ በስርአቱ ይዘጋል፣ ዘፈኑም ያኔ ያቆማል። ዛሬ ይሄን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን ስክሪኑ በሚያሳይሽ በነዛ አስር ደቂቃዎች ቴሲሶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። በኋላ ማንም ይንካው ማን የሰው ልፋት ያንቺ ኪስ ውስጥ ይሁን።

አሁን ማረጋገጫው። ማታ ሱቁን ልትዘጊ ስትይ ስክሪኑ ሲጠፋ የሱቁን መብራት አጥፊ፣ የስልክሽን መብራት አብሪና ስክሪኑ ጋ በጣም ጠጋ አድርገሽ ከጎን ያዢው፣ ፊት ለፊት አይደለም። ፅሁፉ በጣም ደብዝዞ ከታየሽ፣ ወይ ማውሱን ስታንቀሳቅሺ ቀስቷ ስትሄድ ካየሻት ጉዳዩ አለቀ። እንዳንቺ ያለ ፍላት ስክሪን በራሱ ብርሀን አያወጣም፣ ምስሉን የሚሰራው ክሪስታል ፊት ላይ ነው፣ ብርሀኑ የሚመጣው ከጀርባው ነው። ከጀርባ ያለው ብርሀን ሲሞት ምስሉ እዛው አለ ግን የሚያበራለት የለም። ምንም ካልታየሽ የሞኒተሩን ሜኑ ቁልፍ ተጫኚ፣ ሜኑው ከኮምፒውተሩ አይደለም የሚመጣው ከሞኒተሩ ራሱ ነው፣ እሱም ካልታየ አሁንም ጥፋተኛው ሞኒተሩ ነው። ይሄም አላሳመነኝም ካልሽ ጎረቤት ካለ ሱቅ ሞኒተር ለአንድ ሰአት ተዋሺ፣ ወይ ቤት ያለው ፍላት ቲቪ ከጀርባው 15 ቀዳዳ ያለው ሰማያዊ የቪጂኤ ቦታ ካለው ሲፒዩውን ከሱ ጋ አገናኚው። ሰአት ሙሉ ሳይጠፋ ከቆየ ከጠጋኙ ጋ መከራከርም አያስፈልግሽም።

ለምን ሁለት ሰከንድ አሳይቶ ይጠፋል ላልሽው፣ በዚ እድሜ ያሉ ሞኒተሮች ብዙዎቹ ኤልኢዲ አይደሉም፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠኑ የፍሎረሰንት ቱቦዎች ናቸው ከላይና ከታች ጠርዝ የተደበቁት። እነሱን የሚያበራው ኢንቨርተር የሚባል ቦርድ ነው፣ ለማስነሳት ከ1000 ቮልት በላይ ነው የሚልክባቸው። አንዷ ቱቦ ካረጀች ወይ ለኢንቨርተሩ የሚደርሰው ሀይል ከተንገዳገደ የኢንቨርተሩ መቆጣጠሪያ ችግር አለ ብሎ ሁሉንም ባንዴ ይዘጋቸዋል፣ ሁለቱ ሰከንድ እሱ ሞክሮ እስኪተው ያለው ጊዜ ነው። ቱቦ ሲያረጅ ጠዋት ስትከፍቺው ምስሉ ቀላ ወይ ሮዝ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቀስ እያለ ነው የሚነጣው፣ እሱን አስተውይ። ቀላ ሳይል በደህና ጀምሮ ሲሞቅ ብቻ ከሆነ የሚጠፋው እኔ የምጠረጥረው የሞኒተሩ ፓወር ቦርድ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች (ሀይል የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ጣሳ መሳይ ነገሮች) ነው። ከፍተሽ ብታዪያቸው (አንቺ አትክፈቺው) አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ኩፍ ብሎ ወይ ቡናማ ነገር ተፍቶ ነው የሚገኘው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ በሙቀትና በእድሜ ይደርቃል።

አትክፈቺው ያልኩት ለወግ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት እዛ ቦርድ ውስጥ ሲገባ ወደ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ገመዱን ከነቀልሽውም በኋላ ትንሽ ይቆያል፣ በካቻቢቴ የነካው ሰው ያውቀዋል። ቱቦዎቹም ውስጣቸው ትንሽ ሜርኩሪ አለ፣ ተሰብረው እንዲበተኑ አይፈለግም። ልጅሽ እንዳይነካው።

ብዙ ጊዜ ለምን ሞቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በለጠፍሽው ፎቶ ላይ ሞኒተሩ አናት ላይ ዳንቴል አየሁ፣ ወደ ጀርባ ዞሮ ተንጠልጥሎ ግማሹን መተንፈሻ ሸፍኖታል። ዳንቴሉ ያምራል፣ የእናትሽ ስራ ከሆነ ደሞ ይቅርታ፣ ግን አንሽው። ሞኒተር ማራገቢያ የለውም፣ ያለው ከላይና ከጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፣ በነሱ ነው ትኩስ አየር የሚወጣው። የካፓሲተር እድሜ ደሞ በአስር ዲግሪ ሙቀት ልዩነት በግምት እጥፍ ይረዝማል ወይ በግማሽ ያጥራል፣ ስለዚ ዳንቴሉ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እቃን የማቀዝቀዝ አቅሙ ከባህር ጠረፍ ከተማ ያነሰ ነው፣ የሲፒዩው ማራገቢያም ሲዞር ያን ያህል ሙቀት ይዞ አይወጣም። እሱ ላይ የኮሪደር ልማቱ አቧራ፣ በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ ሱቅ፣ የፎቶ ኮፒው ዱቄት። ሲፒዩውን ቢያንስ በመንፈቅ አንዴ አስከፍተሽ በብሩሽና በንፋስ አስነፊው፣ ሲነፉት ማራገቢያዋን በጣት ይያዟት፣ በንፋሱ ሀይል ከአቅሟ በላይ እንዳትሽከረከር።

ወደ ብሩ እንምጣ። ካፓሲተር ከሆነ የእቃው ዋጋ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፣ የምትከፍዪው ለእጁ ነው፣ እሱም ቢሆን ሞኒተር ከመግዛት በብዙ ይቀላል። ጠጋኙን ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይ ከፍ ያለ ይሁን፣ 105 ዲግሪ የሚል የተፃፈበት ይሁን በይው፣ 85 የሚለውን እንዳያስገባ። ኩፍ ያለውን አንድ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን ጓደኞቹንም አብሮ ይቀይር፣ እድሜያቸው አንድ ነው። ያረጀው ቱቦ ከሆነ ግን በኔ እምነት አትልፊ፣ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል፣ አቧራ ገብቶ ነጠብጣብ ይቀርበታል፣ ለዛ ከሚወጣ ብር ያገለገለ ኤልኢዲ ሞኒተር መግዛት ይሻላል፣ የሚበላው መብራትም ያነሰ ነው።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ መርካቶም ሂጂ ፒያሳ ከቀሩት ሱቆች፣ አብርቶ አሳይቶሽ ወዲያው ቢያጠፋው እንዳትቀበዪ። ያንቺም እኮ አስር ደቂቃ ድረስ ጤነኛ ነበር! ግማሽ ሰአት እንደበራ ይቆይ፣ ሻጩ ቸኮልኩ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ነጭ ገፅ ብቻ ክፈቺበትና ጥግ ጥጉን እዪ፣ ጠቆር ያለ ወይ ቢጫ ቦታ ካለ ነጭ ላይ ነው የሚታየው። ከጀርባው ቪጂኤ መኖሩን አረጋግጪ ምክንያቱም አዳዲሶቹ ላይ ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው አለ፣ ያንቺ 780 ደሞ ቪጂኤና ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያለው፣ አዳፕተር ካልገዛሽ አይገናኙም። ከተገጠመ በኋላ ፊደሉ ብዥ ካለብሽ ሞኒተሩ ተበላሽቷል እንዳትዪ፣ ሪዞሉሽኑን የሱ ልክ አድርጊው፣ ያሁኑ አይነት 19 ኢንች 1280 በ1024 ነው፣ ሰፊው አብዛኛውን ጊዜ 1440 በ900። ከዛ ሞኒተሩ ላይ አውቶ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ተጫኚ።

ቢጫው ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱ ኬብሉ ነው። ቪጂኤ ቀይ አረንጓዴና ሰማያዊን በየራሳቸው ሽቦ ነው የሚልካቸው፣ አንዱ ሲቋረጥ ቀለሙ የቀሩት የሁለቱ ድምር ይሆናል። ነጭ ላይ ሰማያዊው ሲጎድል የሚቀረው ቢጫ ነው፣ ቀዩ ቢሆን ውሀ ሰማያዊ ይሆንብሽ ነበር፣ አረንጓዴው ቢሆን ሀምራዊ። ነካ ስታደርጊው መስተካከሉ ሽቦው የሆነ ቦታ ላላ እንዳለ ይነግርሻል። ሁሉንም አጥፍተሽ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ንቀዪና ፒኖቹን እዪ፣ የተጣመመ ካለ በቀጭን ነገር ቀስ ብለሽ አቅኚው። መሀለኛው ረድፍ ላይ አንድ ፒን ብታጪ ግን ተሰብሯል ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ 9ኛው ፒን ብዙ ኬብል ላይ ሲሰራ ጀምሮ የለም፣ ያለሱም ይሰራል። መልሰሽ ስትሰኪው በእጅ የሚዞሩትን ሁለቱን ብሎኖች እስከ መጨረሻው አጥብቂያቸው፣ ፎቶው ላይ አንደኛው እንኳን እንዳልገባ ያስታውቃል፣ ኬብሉ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየጎተተ ነው። ካልተስተካከለ ሌላ ኬብል ቀይሪ። ሪዞሉሽኑ አልጨምር ብሎ ሞኒተሩን የማያውቀው የሚመስል ከሆነም ብዙ ጊዜ የዛው ኬብል ጉድ ነው፣ የሞኒተሩን ማንነት ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት 12ኛና 15ኛው ፒኖች ናቸው።

የቀኑ ነገር ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ነው የምትባለው፣ ሰአት ሰሪዎች ጋ ራሱ አትጠፋም። ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ ቦርዱ ከመብራቱ ስለሚወስድ መሞቷ አይታወቅም፣ አንቺ ደሞ ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍተሽ ስለምትሄጂ (ጥሩ ታደርጊያለሽ) ጠዋት ሁሌ ሰአቱ የለም። ሶኬቱን ነቅለሽ ነው የምትቀየረው፣ የተፃፈበት ፊት ወደ ላይ። ሲከፈት ኤፍ 1 ተጫኚ የሚልሽም ከሆነ ያው በሷ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ገፅ አልከፍትም፣ ደህንነቱ አይታመንም የሚልሽም ቀኑ ስለተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ፎርማት ላለሽው ሰውዬ ደሞ ምን እንደምለው አላውቅም። ዊንዶውስ የሞኒተር ብርሀን አያጠፋም እንደዚ። ጥርጣሬ ካለሽ ሲከፈት ኤፍ 2 እየነካሽ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቢና ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እዛ ውስጥ ዊንዶውስ የለም፣ እዛም ከጠፋ ፎርማት የሚያመጣው ነገር የለም። መስመር መስመር ወይ ነጠብጣብ የሚመጣባችሁ ሰዎች ደሞ ፕሪንት ስክሪን አንሱና ፎቶውን በስልክ ክፈቱት፣ መስመሩ ፎቶው ላይም ካለ ካርዱ ወይ ድራይቨሩ ነው፣ ፎቶው ንፁህ ከሆነ ኬብሉ ወይ ሞኒተሩ ነው።

ዘፈንም የለም፣ ማራገቢያው ብቻ ነው የሚዞረው፣ ካፕስ ሎክም አይመልስም የምትሉ ሌላ ጉዳይ ነው የያዛችሁት፣ መጀመሪያ ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማውን ጫፍ በንፁህ ነጭ ላጲስ ጠረግ አድርጋችሁ ፍርፋሪውን አራግፋችሁ መልሱት፣ ሁለት ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ከሆነ ኬብሉ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳልተሰካ እዩ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዱ ይዘጋል። የድሮዎቹ ኤችፒ ኮምፓክ አምስቴ ከጮኹ ራም ነው የሚሉት፣ ስድስቴ ከሆነ ግራፊክስ። ፓወር ሳፕላይ ስትቀይሩ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት፣ በኛ መብራት ይፈነዳል።

እህቴ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፊው፣ ሲመጣም ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው የምታበሪው፣ ያ የመጀመሪያው ምት ነው ብዙውን የሚገድለው። እና ወደ ጠጋኝ ስትሄጂ ሞኒተሩን ከነኬብሉ ብቻ ይዘሽ ሂጂ፣ ሲፒዩውን ሱቅ ተዪው። ሲፒዩውን ካላመጣሽ አላይም የሚል ካለ የሱ ሲፒዩ ላይ ሰክቶ አስር ደቂቃ ይጠብቅ።